የብሎክ ሰባት አጥፊዎች

በሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ግንቦት መግቢያ ላይ የጎሮ ዳገት ኮንዶሚኒየም ብሎክ ሰባት ነዋሪዎች በሠላሳ ቀን ውስጥ ደብተር ጽፈው እንዲያቀርቡ ከክፍለ ከተማው ታዘዙ። ደብተር ሲባል ወረቀት እንዳይመስላችሁ፤ ዊኪ ነው። የሕንጻውን ውሃ የሚለቅላቸው፣ በር የሚከፍትላቸውና ሊፍት የሚነዳላቸው ዘበኛ የሚሉት ሶፍትዌር አላቸው። ዘበኛ ምን ምን እንደሚሠራ ነዋሪው ተስማምቶ አንድ ቦታ ይጻፈው ነው ትእዛዙ። በደብተሩ ያለው ይሠራል፣ የሌለው አይሠራም። አንዱ መስመር ከሌላው ተጣርሶ ከተገኘ ግን ዘበኛ ይነሣና በምትኩ መደበኛው ይጫናል።

መደበኛው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ብሎክ ስምንት ሲጨቃጨቅ ቀኑ አለፈበትና ተጫነለት። እዚያ ሊፍት የሚገኘው ከሦስት ቀን በፊት በተያዘ ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮ ለማስያዝ ደግሞ ምድር ቤት ወርዶ መፈረም ያስፈልጋል። ዘጠነኛ ፎቅ ያሉት ጋሽ ናሆም ከፋሲካ ወዲህ አልወረዱም። በመስኮት በሲባጎ ፌስታል ይለቃሉ፣ መንገደኛው ዳቦና ሽንኩርት ይጨምርላቸዋል፣ እሳቸው ይመርቁና ይጎትታሉ። ሰዉም ለምዶታል፤ ፌስታሏ ስትታይ «ጋሽ ናሆም ወረዱ» ይባባላል።

የብሎክ ሰባት ሶፍትዌር ሞግዚት ትርንጎ ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በእሷ ዘመን ልጆች ስማቸው ትርንጎ፣ ደምሰው፣ ባንቻየሁ ሆኗል፤ ሶሊያና፣ ማክቤልና ኤልዳና የሚባሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እናቷ እማማ ሶሊያና አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ይኖራሉ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቷቸዋል፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፤ ይህን ሁሉ ግን እሳቸው አልተቀበሉትም። ከዘራውን የያዝኩት ለውሻ ነው ይላሉ። ሰፈሩ ውስጥ ውሻ ከታየ አሥር ዓመት አልፎታል።

በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ወርደው ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከጎናቸው ጋሽ ማክቤል ይቀመጣሉ፣ ጡረታ የወጡ የድሮን መንገድ ተቆጣጣሪ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ይከራከራሉ። ስለ ምን ብትሉ፣ ስለተገኘው ነገር። እማማ ሶሊያና ከዚያ ክርክር ሲመለሱ ፊታቸው ይበራ ነበር፤ ትርንጎም እናቷን በሕይወት ያቆያቸው መድኃኒቱ ሳይሆን ማክቤልን መርታት ነው ብላ ታምናለች።

ዊኪውን የሠራችው በአንድ ከሰዓት ነው፤ ቀላል ይሁን ብላ። አንድ ነጭ ገጽ፣ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፦ ጨምር እና አጥፋ። ሽማግሌዎቹ ደቃቅ ፊደል ማንበብ ስለሚቸግራቸው፣ ማን ምን እንደጨመረና ምን እንዳጠፋ ዘበኛ ሊፍት ውስጥ በድምፅ እንዲናገር አደረገች። ምን ክፋት አለው? ፋይል እናጠፋለን፣ መልእክት እናጠፋለን፣ መብራት እናጠፋለን፤ በዚህ ተከሶ የሚያውቅ የለም።

የመጀመሪያውን መስመር ማን ይጻፍ ሲባል ሁሉም ወደ እማማ ሶሊያና ዞረ፤ ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት ዘበኛን ከጻፉት ወጣቶች የቀሩት እሳቸው ናቸውና። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉና ያኔ በስብሰባ ተሟግተው ያጸደቁትን ሕግ ቃል በቃል አሰፈሩት፦ «ሊፍት በሩን ከፍቶ ማንንም ከሃያ ሰከንድ በላይ አይጠብቅም።» ተጨበጨበላቸው። ትርንጎ ብቻ አላጨበጨበችም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዘበኛ በዚያ ሕግ መሥራት ከተወ ቆይቷል። እማማ ሶሊያና ከበራቸው ሲወጡ ያያል፣ ሊፍቱን ያመጣል፣ በሩን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃቸዋል። ማንም አላዘዘው፤ ስድስት ዓመት ሲያያቸው ለምዶ ነው። ራስ ሲመለጥና አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እሳቸው ዛሬም በሃያ ሰከንድ የሚደርሱ ይመስላቸዋል። አሁን ልጅ እናቷን ምን ትበል? ከሰው ፊት «እማዬ፣ ሰውነትሽ ዝሏል» ትበል?

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ የሊፍቱ በር ተከፈተ፣ ሃያ ተቆጠረ፣ እማማ ሶሊያና ገና ሦስተኛው ጎረቤት በር ላይ ሳሉ ተዘጋ። ደግመው ሞከሩ። ሠለሱ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ሊፍቱ መቸኮል እንዳመጣ፣ አንድ ነገር ሳትነካ እንዳልቀረች ነገሯትና ወደ ቤታቸው ገቡ። ያን ቀን አልወረዱም። በማግስቱም አልወረዱም።

ትርንጎ ይህንን ሳትፈታ ሌላ ጉድ ፈላ። ጋሽ ማክቤል ፊደል ሲጣመም ነፍሳቸው አይወድም። አምስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ኤልዳና በጻፉት ገጽ ላይ «ውሃ» የሚል አሥራ ሁለት ቦታ አገኙና እያጠፉ «ውኃ» አደረጉት። ረክተው ተኙ። ጠዋት ሊፍቱ ሰው ጭኖ ሲወጣ ዘበኛ በዚያ በረጋ ድምፁ ተናገረ፦ «እንደምን አደራችሁ። ትናንት በብሎክ ሰባት አሥራ ሁለት ጥፋት ተፈጽሟል። አጥፊው አቶ ማክቤል ናቸው። ሌላ አጥፊ የለም።»

ሊፍቱ ውስጥ ከነበሩት መካከል ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የጋሽ ማክቤልን ልጅ ለልጃቸው ሊጠይቁ የመጡ። እርስ በርስ ተያዩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ወረዱና ሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው በደረጃው ሄዱ።

ጋሽ ማክቤል ትርንጎ ዘንድ መጥተው ወንበር ሳይቀርብላቸው ቆመው ቀሩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስማቸው በጥፋት ተነሥቶ እንደማያውቅ፣ ሰማይ ላይ እንኳ አንድ ድሮን ከአንድ ድሮን እንዳላጋጩ ነገሯት። ትርንጎ አጥፋ ማለት መሰረዝ እንደሆነ አስረዳች። ገብቷቸዋል፤ ለሽማግሌዎቹም ሄዳ ታስረዳላቸው። ምን ታድርግ፣ ሄደች። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሃሌታው ሀ እና ስለ ብዙኃኑ ኀ አብራራች። ስታበቃ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰውየው ጥፋቱን ካመነ ጥሩ ነው፣ ይታይለታል አሏት።

ከዚያ ወዲያ በብሎክ ሰባት የሚያጠፋ ጠፋ። የሰው ስም በከንቱ የማይነሣበት ዘዴም ተገኘ፤ ያልተስማማህበትን ትተህ ከሥሩ መጨመር። እትዬ ኤልዳና «ውሃ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይለቀቅ» ብለዋል። ጋሽ ማክቤል ከሥር፦ «እትዬ ኤልዳና ያሉት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ውኃ በሁለት ሰዓት ይለቀቅ።» ሌላው፦ «የሁለቱም አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በአራት።» በሁለት ሳምንት ደብተሩ አራት መቶ ገጽ ሆነ። ሁሉም ተከብሯል፣ ምንም አልተወሰነም።

ዘበኛ ደግሞ ፊደል በፊደል እንዲሠራ ታዟል። ውሃ እና ውኃ ሁለት ነገር መሆናቸውን ከደብተሩ ተረዳ፤ ልዩነታቸውን ግን አላገኘውም። ሦስት ቀን ሊፍት ውስጥ የገባውን ሁሉ በትሕትና ጠየቀ፤ መልስ ሲያጣ ቀዝቃዛውን ውሃ፣ ሙቁን ውኃ ብሎ መደበው። ብሎኩ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይንቀጠቀጣል፣ በሁለት ሰዓት ይቃጠላል። አንድ ደግ ሰው ገጽ ሠላሳ ላይ «ለሁላችን መልካም ቀን ይሁን» ብሎ ነበር፤ ዘበኛ በየማለዳው መልካም ቀን የማድረግ አቅም እንደሌለው እየገለጸ ይቅርታ ይጠይቃል።

ጋሽ ማክቤል አግዳሚው ላይ ብቻቸውን መቀመጥ ሰለቻቸው። ለክርክር የሚሆን ሰው ጠፋ። አንድ ቀን የሊፍት ገጽ ላይ ጨመሩ፦ «ወ/ሮ ሶሊያና ያሉት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እርሳቸውን ግን ይጠብቅ።» ዘበኛ ሁለቱንም ትእዛዝ አከበረ። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ በሩን ሃያ ሰከንድ ከፍቶ ይዘጋል፤ ከዚያ በሩን እንደዘጋ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃቸዋል። እማማ ሶሊያና ደርሰው የተዘጋ በር ያንኳኳሉ፣ ውስጥ ያለው ሰው ከውስጥ ያንኳኳል፣ ሊፍቱ ይሄዳል።

ትርንጎ ፈራች። ገጹ እንደተጣረሰ ከቀረ ዘበኛ ይነሣል፤ መደበኛው ይመጣል፤ እናቷ ሲባጎና ፌስታል ይገዛሉ። የማክቤል መስመር ቢወጣ ደግሞ ፈተናው ይታለፋል፣ እናቷ ግን እዚያው ቤታቸው ይቀራሉ። መውጣት ያለበት የእናቷ መስመር ነው። አንድ ጠዋት ጣቷን አጥፋ ላይ አኖረች። ነገ ጠዋት ሊፍቱ «ትርንጎ የእናቷን አጥፍታለች» ሲል ታያትና ጣቷን አነሣች።

ያን ዕለት ምሳ ይዛ ወጣች። እማማ ሶሊያና መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ወደ አግዳሚው ቁልቁል ያያሉ። ደግፌሽ እንውረድ አለቻቸው።

«ይቅር» አሉ።

ትርንጎ ሣህኑን እንደያዘች ቆመች። ይቅር። ከዚህ ቃል ጋር ተወልዳ፣ አድጋ፣ ሰምታው የማታውቅ መሰላት። የማይፈለገውም ይቅር ይባላል፣ የበደለውም ይቅር ይባላል፤ ቂም የለበት፣ ክስ የለበት። እናቷ ምግቡን ቀምሰው ሳይጨርሱ ሮጣ ወረደችና አጥፋ የሚለውን ቁልፍ ይቅር አለችው።

በማግስቱ ሊፍቱ እንዲህ አለ፦ «እንደምን አደራችሁ። ትናንት ወይዘሮ ኤልዳና ለአቶ ማክቤል አራት ዓረፍተ ነገር ይቅር ብለዋል።»

አንዱ «ደግ ሴት» አለ። በቃ። እትዬ ኤልዳና እስከ ምሳ ሰዓት የብሎኩ ቅድስት ሆኑ። ይህንን ማን ያስችለዋል? እስከ ማታ ሃያ ሰው ይቅር አለ። ቁርሾ የነበራቸው ቂማቸውን ትተው የጠላታቸውን ገጽ ፍለጋ ገቡ። እንደ ማጥፋት ያሳፍር የነበረው ነገር እንደ ምጽዋት ያስመርቅ ጀመር፤ ሦስቱ ጋቢ ለባሾችም ለጋሽ ማክቤል ይቅር መባሉን ሰምተው ተመለሱ፣ ቀን ተቆረጠ። በአምስት ቀን አራት መቶው ገጽ ሠላሳ አንድ ሆነ። አንድ ለጋስ ሰው የእሳት አደጋውን ገጽ እንዳለ ይቅር ብሎት ትርንጎ ለምና አስመለሰችው።

የውሃው ነገር ትንሽ አስቸግሯል። እትዬ ኤልዳና የማክቤልን ውኃ ይቅር አሉ። ጋሽ ማክቤል በደግነት ላለመበለጥ በዚያው ሰዓት የኤልዳናን ውሃ ይቅር አሉ። ብሎኩ ግማሽ ቀን ሁለቱንም አጣ። በመጨረሻ ሁለቱ ተገናኝተው ቃሉን ጭራሽ ላለማንሣት ተስማሙና «ቧንቧ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይከፈት» ብለው ጻፉ።

የሊፍቱ ገጽ ግን እንዳለ ቀረ። የእማማ ሶሊያናን መስመር ይቅር የሚል ሰው አልተገኘም። ትርንጎም ልጅ እናቷን ይቅር አለች መባሉን ፈርታ ጋሽ ማክቤልን ለመነች፤ ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ምን በድላኝ ነው ይቅር የምላት?» አሉ። «ደግሞ ይቅር አልኳት ቢባል ዳግመኛ ከጎኔ አትቀመጥም።»

ሠላሳኛው ቀን ደረሰ። ደብተሩን የሚያይ የክፍለ ከተማው መርማሪ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል ተባለ። ትርንጎ ሁለት ሰዓት ላይ እናቷ ቤት ስትገባ እማማ ሶሊያና ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ደብተሩን ከፊታቸው ዘርግተው አገኘቻቸው። ጣታቸው የማክቤል መስመር ላይ ነው። ሁለት መስመር እየተጣረሰ መሆኑን አይተዋል፤ የማክቤልን ይቅር ቢሉ ገጹ ይስተካከላል፣ ዘበኛ ይተርፋል፣ ለእሳቸው፣ ለአንድ ሰው ሲባል ሕግ አይጣመምም። እንደ ድሮው ስብሰባ ነው የሚናገሩት።

ትርንጎ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከእንግዲህ መሸሽ የለም።

«እማዬ፣ ከበርሽ እስከ ሊፍቱ ስንት ይፈጅብሻል?»

«ሃያ ሰከንድ። ለዚያ አይደል ሃያ ያልኩት።»

«ሁለት ደቂቃ ከአሥር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ዘበኛ ቆሞ ሲጠብቅሽ ነበር።»

እማማ ሶሊያና ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አላነሡም፣ አልተጫኑትም።

«ማን አዘዘው?»

«ማንም። ራሱ ነው የለመደው።»

«ሰዉ ያውቃል?»

«ሊፍቱ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቃል። አብሮ ይጠብቅሽ ነበር።»

«ማክቤልም?»

«ጋሽ ማክቤልም።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጠረጉት፣ መልሰው አላደረጉትም። ስድስት ዓመት። አንድ ሰው እንኳ ፊቱን አላጠቆረባቸው፤ እንዲያውም ሲገቡ ቦታ ይለቅላቸዋል፣ እሳቸውም በፍጥነታቸው የተደነቀ ይመስላቸው ነበር። «በይ ሂጂ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንግዳ ይመጣብሻል።» ትርንጎ ኮሪደር ላይ ስትወጣ እናቷን በጥፊ የመታች ያህል ተሰማትና አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወረደች።

መርማሪው ደምሰው የሚባል ጨዋ ወጣት ነበር። ቆሞ ሠላሳ ገጽ አነበበ፣ ሠላሳውንም አለፈ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«እነዚህ ሁለቱ ይጣረሳሉ» አለ። ሊፍቱ የትኛውን እንደሚሠራ ወጥቶ ያያል፤ ከዚያ መፈረም ብቻ ነው የሚቀረው። ጋሽ ማክቤል ሳይጠየቁ አብረው ገቡ፣ ጥግ ይዘው እየጨመረ የሚሄደውን የፎቅ ቁጥር እያዩ ቆሙ።

ሰባተኛ ፎቅን ሲያልፉ ዘበኛ ድምፁን አሰማ።

«ለውጥ አለ። ወይዘሮ ሶሊያና» አለ፣ እንደ ልማዱ ስም ጠርቶ ትንሽ ዐረፈ። ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። የማክቤልን ከሆነ ሁሉም ነገር ተፈጽሟል፤ ደምሰው ይፈርማል፣ ዘበኛ ይቆያል፣ እናቷ መስኮታቸው ላይ ይቀራሉ። «ለወይዘሮ ሶሊያና አንድ ዓረፍተ ነገር ይቅር ብለዋል።»

ጋሽ ማክቤል ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ በሩ ተከፈተ። ኮሪደሩ መጨረሻ እማማ ሶሊያና ከበራቸው ወጥተው ቆልፈው ከዘራቸውን አስተካከሉና መጡ። ሃያ ሰከንድ ሞላ፤ በሩ አልተነቃነቀም። ደምሰው ሰዓቱን አየ። አንድ ደቂቃ ሞላ። ሴትዮዋ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያዩት የኖሩትን ኮሪደር እያንዳንዱን በር እያዩ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳያፍሩም ነበር የሚራመዱት። ደምሰው ገጹን እንደገና ከፈተ። አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል። አነበበው፣ መልሶ አነበበው። እማማ ሶሊያና በሁለት ደቂቃ ከሃያ ገቡ፤ ጋሽ ማክቤል ቦታ ለቀቁላቸው።

«እማማ» አለ ደምሰው በአክብሮት፣ «ገጹ አሁን አይጣረስም፤ ግን አንድ ነገር ልሙላ። ‹ወ/ሮ ሶሊያና ያሉት እንደተጠበቀ ሆኖ› ይላል፣ ያሉት ግን የለም። ምን ብለው ነበር?»

እማማ ሶሊያና መጀመሪያ ማክቤልን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን፣ ከዚያ የተከፈተውን በር።

«ጠብቁኝ ነው ያልኩት» አሉ።

ደምሰው እንደተባለው ጻፈና ፈረመ፤ ሊፍቱም በሩን ዘግቶ ወደ ታች ወረደ።